ከጭድ የወጣችው ፔጆ

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ እንግዳወርቅ ሰበብ አልቆባት ነበር። በመጀመሪያው "ልጄ ገና ናት" ብላ መለሰቻቸው። በሁለተኛው "ወንድሜን ላማክር" አለች። ወንድሟ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ይህን እያወቁ ለነገሩ ክብር ሲሉ ዋጥ አድርገውት ሄዱ። አሁን ግን እነሆ ተመልሰው መጥተው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው ተቀምጠዋል። ለዲንሳ ልጅ ለዓብዲሳ የእሷን ልጅ አስካለችን ይለምናሉ።

መቼም ሰው "አይሆንም" ብሎ በአንድ ቃል መገላገል ይችላል። እንግዳወርቅ ግን "አይሆንም" ለማለት አልነበረም የፈለገችው። ማወቅ ነበር የፈለገችው።

"እንግዲህ ኦቦ ዱጋሳ" አለች ለሽማግሌዎቹ አውራ፤ "ልጄን አልነሳችሁም። ግን አንድ ነገር አለኝ። የአባቷ ፔጆ ከስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ጭድ ቤት ቆማለች። የልጁ አባት መካኒክ አይደል? እሱ ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ያስነሣልኝ። ልጄ ከቤቷ የምትወጣው በአባቷ መኪና ነው። የዛሬ ሳምንት እሁድ ኑ፤ መልሴን ያን ጊዜ ትሰማላችሁ።"

ኦቦ ዱጋሳ በነጭ ጢሙ ውስጥ ሳቀ። "ይሄ ነው እንዴ? እኛማ ወርቅ ይጠይቁናል ብለን ፈርተን ነበር! ብረት ከሆነ ለዲንሳ ምን ገዶት" አለና ወደ ጓደኛው ወደ አቶ ወልደሰንበት ዞረ። አቶ ወልደሰንበትም "ደግ ሐሳብ ነው፣ የአባቷን ነፍስ ደስ ያሰኛል" አለ። መርቀዋት ወጡ። ሁለቱም ነገሩ የእናት ወግ መሰላቸው። ወጥመድ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በዚያ በክፉ ዘመን፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረው ባሏ ገብረአማኑኤል ስሙ ከሚፈለጉት ሰዎች ጋር መጻፉን ሰማ። ለሰው ሁሉ "ጎጃም ገባ" ተባለ። ጎጃሙ ግን ከጓሮ ያለው ጭድ ቤት ነበር። ጭዱ መሃል በተደበቀችው ፔጆ የኋላ ወንበር ላይ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛ። በሃያኛው ሌሊት የታጠቁ ሰዎች መጡ። ቤት አልፈተሹ፣ አልጋ ሥር አላዩ፣ ቆጥ ላይ አልወጡ! እናትና ልጅን እልፍኝ ቆልፈውባቸው፣ ቀጥ ብለው ጭድ ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ገብረአማኑኤልን ያየው የለም። የት እንደተቀበረ እንኳ የነገራት የለም።

ቀጥ ብለው! እንግዳወርቅን ስምንት ዓመት ያላስተኛት ይህች ቃል ነበረች። ጭዱ ውስጥ መኪና እንዳለች የሚያውቀው ስንት ሰው ነው? እሷ አለች። ሠራተኛዋ ሽታዬ አለች፤ ሽታዬን ቤተ ክርስቲያን ወስዳ አስምላታለች፣ ልጅቱም እያለቀሰች ምላ፣ ተቀይማ ሄዳ እጃጂ ከተማ ባል አገባች። ልጇ አስካለች ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ለእሷም "አባትሽ ጎጃም ነው" ነበር የተነገራት። ማን ቀረ? ዲንሳ። በስልሳ ሰባት "ይህች መኪና ታስበላኛለች" ሲል ገብረአማኑኤል ያማከረው ዲንሳን ነው። በአራት ድንጋይ ላይ ያቆማትም፣ ጭዱን አብሮ የከመረባትም ዲንሳ ነው።

ስለዚህ ስምንት ዓመት ሙሉ ዲንሳንና ሚስቱን በመንገድ ስታይ ትሻገራለች። ልጇንም እጇን ይዛ ታሻግራታለች። ምን ያደርጋል፣ አስካለች አድጋ አስተማሪ ሆነችና ጉደር ተመደበች። የዲንሳ ልጅ ዓብዲሳም እዚያው ጉደር ጤና ረዳት ሆኖ ተመደበ። ጉደር ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁለቱ ተሸሽገው የሚተላለፉባት መንገድ የላትም።

ዲንሳ ሰኞ በጧት መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቶቹ በግራሶ የጠቆሩ ሰው ነው።

"አካም ቡልተኒ፣ አዴ እንግዳወርቅ" አለ ቆቡን አውልቆ።

"እግዚአብሔር ይመስገን ኦቦ ዲንሳ፤ ይግቡ" አለች። ፊቷ ፈገግ ይላል፣ ዓይኗ ግን ከእሱ ላይ አልተነቀለም። ጭድ ቤቱ የት እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ በጓሮ ዞሮ ሄደ። ታዲያ መቼ ጠፋውና! አለች በሆዷ።

ያን ቀን ጭድ ሲያወጣ ዋለ። የላይኛው ጭድ ጠቁሮ በስብሶ ነበር፤ እየቆየ ደረቁ መጣ፤ ከዚያ አንድ ክንድ የሚያህል ውሃ ሰማያዊ ጣሪያ ብቅ አለ። እንግዳወርቅ በር ላይ በርጩማ አስቀምጣ ትመለከታለች። እንዲያ ሲያዩት ሥራ የምትቆጣጠር ይመስላል። እሷ ግን እጁን ሳይሆን ፊቱን ነበር የምትከታተለው። የበደለ ሰው የሠራውን ሥራ ቦታው ላይ ሲያገኘው እንዴት ይሆናል? ይደነግጣል? ያልበዋል? ዲንሳ አልቦታል። ጭድ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ያልበዋል፤ ይህ እንኳ ማስረጃ አይሆንም።

በምሳ ሰዓት ዋናውን ወጥመድ አመጣች። ትኩስ ድፎ ዳቦ በሰፌድ፣ ጠላ በጣሳ።

በዚያ አገር ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም፤ በመሃላቸው ደም ያለ ሰዎች አብረው አይበሉም። ሽማግሌ ገብቶ የደሙ ካሣ፣ ጉማው፣ ሳይወጣ፣ ዕርቅ ሳይወርድ፣ የበደለው ሰው ከተበደለው ቤት እህል አይቀምስም፣ ውሃም አይጠጣም። ኦሮሞውም አማራውም ይህን ይፈራል። የፈለገውን ያህል ዓይኑን ያፈጠጠ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ጉሮሮው ይዘጋል።

"አፈር ስሆን ይቅመሱልኝ" አለች።

ዲንሳ ዳቦውን አየው። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠረገና "እግዜር ይስጥልኝ አዴ፤ ቋጥሬ መጥቻለሁ" አለ። ወጣ። ከአጥሩ ውጪ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጦ ከፌስታል ቂጣ አውጥቶ በላ። ከግቢዋ ውጪ! እንግዳወርቅ ሰፌዱን እንደያዘች ቆመች። "አገኘሁህ" አለች ቀስ ብላ።

ማክሰኞም አልበላም። ረቡዕ በጾም ቀን ሽሮ አቀረበች፣ አልበላም። ሐሙስ ጧት ውሃ ብቻ ሰጠችው፤ "አሁን ጠጣሁ" አለ፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር።

"ጨጓራ አለበት እኮ እማዬ፣ ዓብዲሳ ነግሮኛል" አለች አስካለች፤ ከጉደር በየማታው ነው የምትመለሰው። "ሰውየውን ምግብ ምግብ እያልሽ አታስጨንቂው።"

"ጨጓራ! ለጨጓራ አምቦ ውሃ መድኃኒት ነው ስትሉ አልነበር? ውሃውስ ምን አደረገው?"

"ምንድን ነው የምትፈልጊው ግን? መኪናዋን ነው ወይስ ሰውየውን?"

እንግዳወርቅ ሰፌዱን አንሥታ ጓዳ ገባች። ልጇ ዓብዲሳን እንደምትወደው ታውቃለች። ልጅቱ ከአባቷ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይታት አታውቅም፤ ይህም አንጀቷን ይበላዋል። ግን በባሏ ደም ላይ ድንኳን ጥላ ልትጨፍር ነው? ጥርጣሬዋ እውነት ከሆነ እሁድ ሽማግሌዎቹን አባርራ፣ ልጇ ዕድሜ ልኳን ብትጠላትም ጋብቻውን ታፈርሰዋለች። ቁርጧ ይህ ነበር።

ሥራው ግን ይሄዳል። ሰውየውን መጥላት ይቻላል፣ እጁን ግን መናቅ አይቻልም። ጎማዎቹን አውርዶ የውስጥ ጎማቸውን፣ ከመነዳሪውን፣ ቀየረ፣ የተጣበቀውን ፍሬን በመዶሻ እያባበለ አላቀቀ። ካንዴላዎቹን ፈትቶ በየቀዳዳው ዘይት ጠብ ጠብ አደረገና "ፒስተኖቹ ይዘዋል፤ ሁለት ቀን ይጠጡት" አለ። ከታንከሩ የቀዳው አሮጌ ቤንዚን ቀለም ቀለም ይሸታል። ኮፈኑ ሥር አይጥ ቤት ሠርታ፣ ወልዳ፣ ከብዳ ኖራለች፤ እሷንም ከነቤተሰቧ አስወጣት።

ረቡዕ ዕለት የኋላውን በር ከፈተ። ወንበሩ ላይ ጋቢ ነበር፣ እንደ ተገፈፈ፣ አቧራ ለብሶ። ዲንሳ ቆቡን አወለቀ። ጋቢውን በሁለት እጁ አንሥቶ፣ አጥፎ፣ ወጥቶ በርጩማው ላይ አስቀመጠው። አንዲት ቃል አልተናገረም። ምንም የማያውቅ ሰው ቢሆን "የማን ጋቢ ነው?" አይልም? በመኪና ውስጥ ጋቢ ምን ይሠራል አይልም? እንግዳወርቅ ይህንንም ቆጥራ ያዘች።

ሐሙስ ደግሞ አንዲት የውሸት ቃል ወረወረችለት። ካርቦራተሩን በቡሩሽ ሲያጥብ አጠገቡ ቆማ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ፣ "ያን ለት እነዚያ ሰዎች በጓሮ በር ባይገቡ ኖሮ ውሻው ይጮህ ነበር" አለች።

"በፊት ለፊቱ በር ነው እንጂ..." አለ ዲንሳ። እጁ ቆመ።

"ምን አሉ?"

"ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው።"

"ማን ሲያወራ? ያን ሌሊት ሰፈሩ ሁሉ በሩን ቀርቅሮ ነበር። ማን አይቶ ነው የሚያወራው?"

"ረሳሁት አዴ" አለና ቡሩሹን እንደገና ነከረው። ጆሮው ግን እስከ ጫፉ ቀልቶ ነበር።

ዓርብ ቤንዚን በጄሪካን ይዞ ሲመጣ "ከየት አመጡት? ኩፖን የሚሰጠው ለምትሄድ መኪና ነው፤ ያውም በስንት ሰልፍ" አለችው። "ከአንድ ሾፌር ለመንኩ" አለ። ማነው ሾፌሩ? የማን መኪና ሾፌር? በዚያ ዘመን ቤንዚን የሚለመነው ከማን እንደሆነ አይታወቅም እንዴ! ይኸው፣ ወዳጆቹ ዛሬም አልራቁትም አለች። እንግዲህ እንዲህ ነው፤ አንዴ የሻከረ ሆድ ቤንዚኑንም ይጠረጥራል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዲንሳ ከጋራዡ አዲስ ባትሪ ተሸክሞ መጣ። አስካለች ገበያ ሄዳለች። ፔጆዋ ከጭድ ቤቱ ወጥታ፣ ታጥባ፣ ፀሐይ ላይ ቆማለች፤ አንዱ መብራቷ ቢሰበርም ወዘናዋ ተመልሷል። ዲንሳ ኮፈኑን ከፍቶ አሮጌውን ባትሪ አወጣ፣ አዲሱን አስገባ፣ አንዱን ገመድ አሰረ። ሁለተኛውን ሲያስነካው መኪናዋ ውስጥ አንድ ነገር ተንጫጫ። ቀጥሎ ሰው ተናገረ።

የወንድ ድምፅ ነው። ስለ ዘንድሮ አዝመራ ይናገራል።

እንግዳወርቅ እዚያው አፈሩ ላይ ዘፍ አለች። ሬዲዮው ነበር። ገብረአማኑኤል በገዛ እጁ ያለ መኪናው ቁልፍ እንዲሠራ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ያያያዘው ሬዲዮ። ሲወስዱት አላጠፋውም፤ ማንም አላጠፋውም፤ ባትሪው እስኪሞት ድረስ ለጭዱ ሲያወራ አድሯል።

ዲንሳ ገብቶ አጠፋው። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ለዚህ ነበር እንዴ ባትሪው?" አለ።

"የቱ ባትሪ?" አለች፤ የቱ እንደሆነ ግን በደንብ ታውቃለች።

"በዚያ ሚያዝያ ሽታዬ በአህያ ጭና ያመጣችው፣ ከጤፍ ከረጢት ሥር ደብቃ። 'የአሻግሬ ወፍጮ ባትሪ ነው፣ ቻርጅ አድርግልኝ' አለችኝ። አዴ፣ በድንጋይ ላይ የቆመች መኪና ባትሪ ምን ይሠራላታል እያልኩ ስምንት ዓመት ራሴን ስጠይቅ ኖርኩ። ሰውየው እዚህ ነው ብዬ ያኔ አላሰብኩም። ጎጃም ነው ሲሉ ሰምቼ አምኛለሁ።"

እንግዳወርቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ያን ባትሪ ለሰው ቀርቶ ለራሷም አንሥታው አታውቅም ነበር። ገብረአማኑኤል ጨለማው ሊያሳብደው ደርሶ ነበር። ሌሊት ሌሊት ምግብ ስትወስድለት እጇን ይዞ አይለቅም። ሬዲዮው ብቻ ነበር ሰው የሚያደርገው፤ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ባትሪው አለቀ። "ተዪው፣ ይቅርብኝ" ብሏት ነበር። ሁለት ጊዜ ነው ይቅርብኝ ያላት። እሷ ናት "በአሻግሬ ስም ይሂድ፤ የወፍጮ ቤት ባትሪ ሁሌ ይመላለሳል፣ ማን ያውቃል?" ያለችው።

"በአሻግሬ ስም ነው የላክሁት" አለች። "በአሻግሬ ስም!"

"እኔ ግን አወቅሁት" አለ ዲንሳ። ኮፈኑን ተደግፎ ቆሟል። "ጠርዙ ላይ ተሰንጥቆ በሬንጅ የደፈንኩት እኔ ነኝ። በኔ ጋራዥ የሁሉም ባትሪ ላይ የባለቤቱን ስም በጠመኔ እጽፋለሁ፤ እንዳይለዋወጥ፣ የሰው ንብረት ለሌላ ሰው እንዳይሄድ። ሽታዬ የተሳሳተች መሰለኝ። አሻግሬ መጥቶ የኔ ነው ብሎ ቢወስደውስ ብዬ... 'ገብረአማኑኤል' ብዬ ጻፍኩበት። በትልቁ። ዋቃዮ! ጽሕፈትህ ያምራል ይሉኝ ነበር፤ በትልቁ ነው የጻፍኩት።"

ዲንሳ አንዴ የተከፈተ አፉን መዝጋት አልቻለም።

"በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ የታጠቀ ሰው የራሱን ባትሪ ሊወስድ መጣ። ስሙን አነበበ። እኔን አየኝ። ምንም ሳይል ሄደ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው እዚህ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ግን ወደዚህ ቤት እንደሚመጡ አወቅሁ። በአሥራ አንድ ሰዓት ሽታዬ ልትወስደው መጣች። አንድ ቃል ብነግራት ይበቃ ነበር፤ አንድ ቃል! ጠመኔውን በጨርቅ ጠርጌ ባትሪውን አህያዋ ላይ ጫንኩላት። ለካ ከሩቅ ተከትለዋት ባትሪው ጭድ ቤት ሲገባ አይተው ኖሯል። ልጆቼን አሰብኩ፣ ፈራሁ። ሲመሽ ግን መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነሥቼ መጣሁ። ጥጉ ጋ ስደርስ የመኪናቸው መብራት በፊት ለፊቱ በር ላይ ነበር። አጥሩ ሥር ተደፋሁ።"

"አዩት?"

"አየሁት።"

"ተሸክመውት ነው ወይስ በእግሩ?" ይህን ስምንት ዓመት የምትጠይቀው ሰው አጥታ ነበር።

"በእግሩ። ባዶ እግሩን። ቀና ብሎ ነው የሄደው አዴ፤ አልጎተቱትም።"

እንግዳወርቅ አለቀሰች። ዲንሳ ቆሞ ጠበቃት። "ዳቦዎን እንዴት ብዬ እበላለሁ?" አለ፤ "ነገ ለሽማግሌዎቹ የኔን ራሴ እናገራለሁ። የእርስዎን አላነሣም። ባትሪውን ማን እንደላከው ማንም አይጠይቀኝም።"

ከዚያ ሌላ የሚሠራው ስላጣ መሰለኝ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው አጓራ፣ ዝም አለ። እንደገና አዞረ፤ ፔጆዋ አሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተነሣች። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ! የሞተሩ ድምፅ አጥሩን ተሻግሮ ሲሰማ ጎረቤት ሁሉ "የአስካለች መኪና ተነሣች!" ብሎ እልልታውን አቀለጠው። በግቢው ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ግን እርስ በርስ መተያየትም አልቻሉም።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው መጡ። ኦቦ ዱጋሳ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ ጎማዋን በዱላው መታ አድርጎ ገባ። ዲንሳ በር አጠገብ ተቀመጠ። አስካለች እንደ ወጉ በመጋረጃው ወዲያ፣ ጓዳ ናት፤ እያንዳንዱ ቃል ግን ይሰማታል። እንግዳወርቅ ይህን ታውቃለች።

"እንግዲህ" አለ ኦቦ ዱጋሳ ጉሮሮውን ጠርጎ፤ "መኪናዋም ተነሣች። ከመልሱ በፊት የወጉን እንጠይቅ። በሁለቱ ቤት መካከል ደም አለ? ቂም አለ?"

ዲንሳ ተነሣ። የጠመኔውን ነገር፣ የታጠቀውን ሰው፣ የጠረገበትን ጨርቅ፣ አጥሩ ሥር መደፋቱን፣ ሁሉንም ተናገረ። "ባትሪ መጣልኝ" አለ እንጂ ማን እንደላከው አልተናገረም። ሲጨርስ አቶ ወልደሰንበት ራሱን ነቀነቀና ዱላውን ፈልጎ ያዘ። "እንዲህ ከሆነማ ጋብቻው የት ላይ ሊቆም ነው?" አለ። ኦቦ ዱጋሳም ወደ እንግዳወርቅ ዞሮ "አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ የተበደልሽ ነሽ፤ እንደ ፈቀድሽ" አላት።

ዝም ብትል እዚያው ያበቃ ነበር። ስምንት ዓመት ስትፈልገው የኖረችው ሰው እነሆ በአደባባይ ቆሞ አምኗል። የተበደለች ሆና፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እየታዘነላት ትኖራለች። ልጇ ብቻ ናት የምትጎዳው። መጋረጃው ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

"ባትሪውን የላክሁት እኔ ነኝ" አለች እንግዳወርቅ።

"ምን አልሽ?"

"እኔ ነኝ። ባሌ ይቅርብኝ እያለኝ እኔ ነኝ በውሸት ስም የላክሁት። እሱ ቢፈራ ከኔ በኋላ ነው የፈራው። እኔ ባልልከው ኖሮ ዲንሳ የሚጽፍበት ነገር አልነበረውም።" በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው።

አስካለች መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። የሙሽራ ዓይን አፋርነት ምን እንደሚባል የረሳች መሰለች። ዲንሳን አላየችውም፣ ሽማግሌዎቹን አላየቻቸውም።

"የዓብዲሳን እናት ሰላም እንዳትዪ ብለሽ በመንገድ ስታሻግሪኝ" አለች፤ "ስምንት ዓመት ሙሉ እማዬ፣ ባትሪውን የላክሽው አንቺ መሆንሽን እያወቅሽ ነበር?"

"በአሻግሬ ስም ስለነበር እኮ እኔ..."

"እያወቅሽ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን?"

እንግዳወርቅ ሰበብ ፈለገች። ሰበብ መቼም አታጣም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አንድም አልመጣላትም። "ቀለለኝ" አለች። "እሱን መጥላት ቀለለኝ።"

አስካለች በሽማግሌዎቹ መካከል አልፋ ወጣች። የፔጆዋ የኋላ በር ሲከፈት፣ ሲዘጋም ተሰማ። አባቷ የተኛበት ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

"ይህ ጉዳይ ከኛ ይልቅ የልጅቷ ነው" አለ ኦቦ ዱጋሳ። "የደሙ ባለቤት እሷ ናት። እኛ የመጣነው ግን ለልመና ነውና፣ መልስሽን ንገሪን።"

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አለች እንግዳወርቅ። "ዲንሳንም በበኩሌ ይቅር ብያለሁ፤ እሱ እኔን ይቅር ይበለኝ። አሁን ግን እባካችሁ፣ ስትለምኑኝ አራት ጊዜ መጥታችኋል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ለኔ ሽማግሌ ሁኑልኝ። ልጄ መኪናው ውስጥ ናት። ሂዱና ለምኑልኝ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ወልደሰንበት ጉልበቱን እያሸ ተነሣ። ዲንሳ ሊከተላቸው ብድግ ሲል ኦቦ ዱጋሳ በዱላው መለሰው፤ "አንተም በደለኛ ነህ፤ እዚያው ከእሷ ጋ ተቀመጥ" አለው። ዲንሳ ከእንግዳወርቅ አጠገብ ተቀመጠ። ሁለቱም በተከፈተው በር ወደ ውጪ ያያሉ።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ከመኪናዋ አጠገብ ጎን ለጎን ቆመው፣ ጎንበስ አሉ። ኦቦ ዱጋሳ መስታወቱን በጣቱ መታ። መስታወቱ አልወረደም። ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ደግሞ መታ።